ሰይድ ያበሰላት ዶሮ

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ደሃና

ሰቆጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ላያት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የተሳፈርኩት ገብስ በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ነው። ሾፌሩ ሰይድ የሰቆጣ ልጅ ነው። ጉም፣ ጭቃ፣ ገደል፣ አረንጓዴ ማሳ። በየመታጠፊያው አንገቴን በመስኮት አወጣለሁ።

«ወንድሜ፣ ጭንቅላትህን ለመልስ ጉዞ አስቀርልን» ይለኛል።

ረፋድ 4 ሰዓት፣ ወንዝ ዳር

ወንዙ ሞልቷል። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ድንጋይ እያንከባለለ ያልፋል። ሰይድ ሞተሩን አጠፋ። «እስከ ነገ አያሳልፈንም።»

አንድ ሽማግሌ ከዳገቱ ላይ አይተውን ወረዱ። አያ ገብሩ ይባላሉ፤ ገበሬ ናቸው። የማን ልጆች እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቁ «ቤት ግቡ» አሉን።

ሰይድ «እኔ እዚሁ እቆያለሁ፤ አልራበኝም» አለ። ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰ አውቃለሁ። ሲጨቀጭቁት ጊዜ «አያ፣ ሙስሊም ነኝ፤ አላስቸግርዎ» አላቸው።

ክንዱን ያዙት። «ሙስሊም አይርበውም?»

ቀን 6 ሰዓት፣ አያ ገብሩ ቤት

ባለቤታቸው እማ ወለቱ ነገሩን ሲሰሙ ለባላቸው በኽምጣኛ አንድ ነገር ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ልጃቸው ከዓረብ አገር የላከችላቸውን፣ እሳት ያልነካውን ድስት ይዘው ወጡ። በሌላ እጃቸው ዶሮ አንጠልጥለዋል። ግቢው ውስጥ ሌላ ዶሮ አላየሁም።

«በሥርዓትህ እረድና ራስህ ሥራ። እኔ አሳይሃለሁ።»

ሰይድ አረደ፤ ገነጣጠለ፤ ምድጃው ፊት ቁጢጥ አለ። በሕይወቱ ወጥ ሠርቶ አያውቅም።

«ሽንኩርቱ ይቁላላ እንጂ» ይሉታል እማ ወለቱ። «ምን ያስቸኩልሃል? ወንዙ እንደሆነ አልጎደለ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሲቀርብ እኛ ሦስታችን ሽሮ፣ እሱ ዶሮ። እጁ ትሪው ላይ ቆመ። «እናንተ ሳትቀምሱ እንዴት ይሆናል?»

«ጌታ እንግዳ ተቀበሉ ሲለን የትኛውን ብሎ አልለየልንም» አሉ እማ ወለቱ። «ብላ፣ ልጄ።»

በላ። መጀመሪያ እያፈረ፣ ኋላ አጥንቱን እየጋጠ።

ዓርብ፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ሰቆጣ

ጠዋት ወንዙ ጎድሎ ነበር። አያ ገብሩ በበትራቸው ጥልቀቱን እየለኩ ከፊታችን ተሻግረው መንገድ አሳዩን። ከዚያ ዳገት፣ ከዚያ ሌላ ዳገት፣ ከዚያ በመጨረሻ የሰቆጣ የድንጋይ ቤቶች! ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እንደ ልጅ በጣቴ እየጠቆምኩ «ያ ምንድን ነው? ያስ?» እላለሁ።

የሰይድ ባለቤት ዘሃራ በር ላይ ጠበቀችን። ፊቷ ላይ የሌሊቱ ጭንቀት ይታያል።

«የት አደርክ?»

«ወንዙ ሞልቶብን ዘመድ ቤት።»

«ወንዙ ማዶ ደግሞ ምን ዘመድ አለህ?»

«ከትናንት ወዲህ አለኝ» አላት።