የፌንጣ ዝላይና አሥራ አንዱ የሙዝ ቪዲዮ

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ ፌንጣ ነው የሚለው። የዳቦ ቤት አመላላሽ ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ትኩስ ዳቦ በፕላስቲክ ሳጥን ሞልቶ ከብስክሌቱ ኋላ ያስርና ለየሱቁ ያደርሳል። ሥራው ረፋድ ላይ ያልቃል። ሳጥኑን ፈትቶ ካስቀመጠ በኋላ ያው ብስክሌት ሌላ ፍጥረት ይሆናል፤ ደረጃ ይወርዳል፣ በግንብ ጠርዝ ላይ ይሄዳል፣ ቦይ ይዘላል። እናታችን፣ «እኔ የወለድኩት ሰው ነበር፤ መቼ ፌንጣ እንደሆነ አላየሁም» ትላለች።

ቀልደኛ ስለሆነ ለሰው ምንም የሚያሳስበው ነገር ያለ አይመስልም። ፌንጣ ግን አንድ ነገር በጣም ይመኝ ነበር። አንድ የብስክሌት ክለብ ጀማሪዎችን የሚያሠለጥን ሰው ፈልጎ ማስታወቂያ ሲያወጣ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ እጥፋቱ እስኪቀደድ ድረስ ያነበው ነበር። አመልካቹ አንድ ዝላይ ቀርጾ እንዲልክ ነው የተጠየቀው። ቪዲዮው ሳይቆራረጥ፣ ሁለቱም ጎማ ሲነሳና ሲያርፍ ማሳየት አለበት።

ከሰፈራችን ጀርባ ባዶ መጋዘን አለ። ጓሮው ውስጥ ዕቃ የሚጫንባቸው ሁለት የሲሚንቶ መድረኮች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በመካከላቸው አንድ የጭነት መኪና ዘና ብሎ ይገባል። ፌንጣ ያንን ክፍተት ሊዘል ወሰነ። እናታችንን ሦስት ቀን ለምኖ «አንዴ ብቻ» ብሎ አስፈቀደ። የተሻለ ስልክ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ ቀራጯ እኔ ሆንኩ። ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ቆምኩና ቀረጽኩት። ጠርዙን ሳይነካ አለፈ፤ እንደ ድመት አረፈ። ከዚያ ብስክሌቱን ጥሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ሁለተኛ አልሞክረውም፣ እታለም» አለኝ። ሲፈራ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። እኛ ቤት አንድ ልማድ አለን። ስልኮቻችን ቶሎ ስለሚሞሉ የቀረጽነውን ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ግሩፕ እንልክና ከስልካችን እናጠፋዋለን። «ግሩፑ ውስጥ አለ» ካልን በቃ፣ ካዝና ውስጥ የቆለፍነው ያህል እንተማመናለን። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። የዝላዩንም ቪዲዮ እንደ ልማዴ ላክሁት። የዛኑ ቀን ልጄ ሙዝ ስትበላ ፊቷን በሙሉ ለቀለቀችው። ልቀርጻት ብል ስልኬ ቦታ የለኝም አለ። ከሁሉ ረጅሙን፣ የዝላዩን ቪዲዮ ፈልጌ አጠፋሁ። አሁንም እምቢ ሲል ከስልኩ መጣያ ቅርጫትም ጠርጌ አጠፋሁት። ስልኬ ውስጥ ልጄ ሙዝ ስትበላ የሚያሳዩ አሥር ቪዲዮዎች ነበሩ። ያ አሥራ አንደኛው ሆነ።

ፌንጣ ግሩፑ ውስጥ ያለውን አውርዶ ለክለቡ ላከ። ሰኞ ዕለት የክለቡ ጸሐፊ መለሰች። ብስክሌቱ ጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ጎማው ጠርዙን ይንካ አይንካ አይለይም፣ ዋናውን ቪዲዮ እስከ ዓርብ ላክልን የሚል ነበር መልሷ። ፌንጣ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቀኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ኔትወርክ ነው አልኩት።

አመነኝ። ማክሰኞ ዳቦውን አድርሶ ሲጨርስ ኔትወርክ ይበረታል ወደተባለበት ኮረብታ ወጥቶ እንደገና ላከ። ያው ጭጋግ። ረቡዕ ሁለት የኢንተርኔት ቤቶች ዞረ። እኔ ልጄን እያጠብኩ፣ ልብስ እያጣጠፍኩ፣ ላብ አጥምቆት ሲመለስ ውሃ እየቀዳሁ ዝም አልኩ። ያንን ውሃ ስቀዳለት እጄ እንዴት እንዳልደረቀ እስካሁን ይገርመኛል።

በመጨረሻ ያኑ ረቡዕ ፎቶ ቤት ገባ። ባለ ፎቶ ቤቱ ቪዲዮውን አይቶ ሳቀበት አሉ። እንዲህ ያለ መልእክት መላላኪያ ቪዲዮን ጨምቆ ነው የሚያሳልፈው፤ ጭማቂው እዚያው ይቀርና ልጣጩ ይደርሳል። የደረሰውን መልሰህ ስትልክ ደግሞ ልጣጩን እንደገና መጭመቅ ነው፤ ኮረብታ ቢወጡ፣ ሰማይ ቢደርሱ አይመለስም። መፍትሔው የቀረጸውን ስልክ ማምጣት ብቻ ነው ብሎ ሸኘው።

ፌንጣ እየሮጠ መጣ። ብስክሌቱን እንኳ አላቆመውም፤ በር ላይ ጣለው።

«ዋናው አንቺ ስልክ ውስጥ ነው ያለው፣ እታለም። ተርፈናል» አለኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ከግሩፑ?»

«ከስልኬ። የዘለልክ ዕለት። ኔትወርክ ነው ያልኩህም ውሸት ነው።»

ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ የሙዙን ነገር ነገርኩት። ወለሉ ላይ ወደምትጫወተው ልጄ ዞረና፣ «ሙዙስ ጣፍጧት ነበር?» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወጥቶ ብስክሌቱን አነሳና የፍሬኑን ገመድ ማጥበቅ ጀመረ። ምን እንዳሰበ ገባኝ። እንዲተወው ለመንኩት። «ዓርብ እኮ ከነገ ወዲያ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ሐሙስ ቀትር ላይ መጋዘኑ ጓሮ ሄድን። የስልኩን ዓይን በልጄ ንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁ፣ አሥራ አንዱንም የሙዝ ቪዲዮ አጥፍቼ ቦታ አስለቀቅሁ፣ ስልኩን አግድም ይዤ ክርኖቼን ከጎኔ አጣበቅሁ። ፌንጣ ሦስት ጊዜ ሮጦ ሦስት ጊዜ ጠርዙ ላይ ቆመ። በአራተኛው ዘለለ። የኋላ ጎማው ጠርዙን መታ፤ ብስክሌቱ ተወላገደ፤ ፌንጣ በክርኑ የመጋዘኑን ግድግዳ ተደግፎ ሳይወድቅ አቆመው። ክርኑ ተልጦ ይደማ ነበር። እኔ እያለቀስኩም ስልኩን አላወዛወዝኩም፤ በዚያ ቀን የማላፍርበት ነገር እሱ ብቻ ነው።

ከዚያው በቀጥታ ፎቶ ቤት ሄድን። ሰውየው በገመድ ከስልኬ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠው፤ ግሩፑ ውስጥ ካለው ቪዲዮ ከሃያ እጥፍ በላይ ይከብዳል። በኢሜይል ሊንክ፣ ሳይጨመቅ፣ እንደ ፋይል ተላከ። ጸሐፊዋ ከፍታ፣ ጎማውን አይታ፣ ደረሰኝ እስክትል ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ማታ እናታችን ስለ ክርኑ ስትጠይቀው ፌንጣ ዳቦ ሳደርስ ወደቅሁ አላት። ጠረጴዛው ሥር እግሬን መታ አደረገኝ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። እኔም ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ክለቡ ለፈተና ጠራው። ጠርዙን መንካቱን አይተውታል፤ ሳይወድቅ እንዴት እንዳቆመውም አይተዋል፤ ጀማሪ የሚያሠለጥን ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው አሉ። ፌንጣ ግሩፑ ላይ «የቀረጸችው እህቴ ናት» ብሎ ጻፈ። ዘመድ ሁሉ መረቀኝ። አንዷ አክስቴማ እጅሽ ይባረክ ብላ ሦስት ጊዜ ጻፈችልኝ። እያንዳንዱ ምርቃት እንደ ጥፊ ነበር።

መቻል አልቻልኩም። ለፈተናው ከመሄዱ በፊት በነበረው ቀን ከእናቴ ጎን ቁጭ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ያጠፋሁትን፣ የዋሸሁትን፣ በእኔ ምክንያት ቃሉን አፍርሶ ሁለተኛ መዝለሉን። እናቴ የፌንጣን ሸሚዝ ቁልፍ እየሰፋች ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ዳቦ ሲያደርስ የወደቀ ሰው ዳቦው ይበተናል» አለች። «የዚያን ዕለት አንድም ሱቅ ጎደለብኝ አላለም። እኔ ከዚያን ማታ ጀምሮ አንቺን ነበር የምጠብቀው።»

ሸሚዙን አጣጥፋ ሰጠችኝ። «ውሰጅለት። በዚያው አንቺ ራስሽ ንገሪው፣ እናትህ ሰምታለች በይው።»