ቅመም ያልደረሳቸው ዶሮዎች

ሰኞ ጠዋት ሊይዙኝ ሲመጡ ዶሮ ቤት ውስጥ መኖ እየሰፈርኩ ነበር። "ቆይ፣ ምግባቸውን ልስጣቸውና" ስል አንደኛው ፖሊስ ሳቀ። ሁለተኛው አልሳቀም። በር ላይ ለቆመችው አክስቴ "አደራ እትዬ፣ መኖውን እንዳትቀላቅዪ!" እያልኩ ወሰዱኝ።

የታሰርኩባት ክፍል ስድስት እርምጃ ናት፤ ግድግዳዋ ላብ ታወጣለች። ከይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ወገን የመጡ አንድ ቄስ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

"ምን ሠርተህ ነው ልጄ?"

"የተከለከለ ስብሰባ ላይ ነበርክ ይሉኛል አባ። እኔን የጨነቀኝ ግን የሐሙሱ ደም ነው!"

ደነገጡ። "የምን ደም?"

"የዶሮ ነው አባ፣ የዶሮ!" ከፊታቸው ቁጢጥ ብዬ ነገርኳቸው። ሃያዎቹ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ የገባበት መኖ፣ ሃያዎቹ ያለ ቅመም ሲበሉ ስድስት ሳምንት ሊሞላቸው ነው። ሐሙስ ከባልደረባዬ ጋር ከክንፋቸው ሥር ደም ወስደን ቅመሙ ኮሌስትሮል ይቀንስ እንደሆነ እናያለን።

"ኮሌስትሮል? ሐኪሙ እንቁላል የከለከለኝ በሱ ሰበብ አይደል! ግማሹን ዓመት ጾም ነው፣ የተረፈውን እሱ ወሰደብኝ። ኧረ በርታ!" ሁለታችንም ሳቅን።

ረቡዕ መርማሪው ጠራኝ። ወረቀቱ ስብሰባው ላይ እንደነበርኩ ይላል። "ፈርምና ነገ ዶሮዎችህ ዘንድ ነህ" አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር። ግን ያልነበርኩበትን ነበርኩ ብዬ እንዴት ልፈርም? "አልነበርኩም" አልኩና ወረቀቱን መለስኩለት። ሐሙስን እዚያው ስቁነጠነጥ ዋልኩ።

እስከ ዓርብ ጠያቂ አላስገቡም። ዓርብ አክስቴ ስንቅ ይዛ መጣች።

"እትዬ፣ ደሙ ተወሰደ?"

"ባልደረባህ ወስዷል።" አቀረቀረች። "ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ ለሁሉም ቅመም ስሰጥ ነበር። እነዚያኞቹ አንጀቴን በሉት! አንዱን አጉርሼ ሌላውን እያየ ልተወው?"

ወይ ጉድ! መጀመሪያ ጮህኩ። ቀጥሎ ሳቄ አላቆም አለ፤ ለተበላሸ ሙከራ ኖሯል በሐሰት ልፈርም የነበረው! ጠባቂው ግራ ገባው።

"ማንም አላየኝም" አለች ዝቅ ብላ። "ዝም ልበል?"

"ኧረ በላልይበላ! ዛሬውኑ ለባልደረባዬ ንገሪው። 'ይህ ሙከራ ተበላሽቷል' ብሎ ይጻፍበት፤ ጻፍ ያልኩት እኔ መሆኔንም ይጻፍ።"

አባ ከውስጥ "እሰይ!" ሲሉ ሰማኋቸው።

ማስረጃ አጥተው ፈቱኝና ሙከራውን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። አሁን ስድስት ሳምንቱ ሞልቶ ደም የሚወሰደው ነገ ነው፤ ደስታና ፍርሃት አላስቀምጥ ብለውኛል። እትዬ አሁን መኖ አትቀላቅልም። ዛሬ ጠዋት ግን ቅመም ያልደረሳቸው ዘንድ ቆማ "አይዟችሁ፣ ቀን ይወጣል" ስትላቸው ሰማሁ። እሱንም መዝገቤ ላይ ጻፍኩት።