ወንድሜ ጭን ውስጥ የገባው ብረት

በደርግ ጊዜ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለ አንድ የመንግሥት ብረታ ብረት ድርጅት ውስጥ ቴክኒሻን ነበርኩ። ሥራህ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው «የብረት አስተርጓሚ ነኝ» እል ነበር፤ ቀልድም አልነበረም። የድሮ ማሽኖቻችን የምዕራብ ናቸው፣ አዲሱ ብረት ደግሞ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች ይመጣል። ያው አንዱ የማይዝግ ብረት በየአገሩ ሌላ ስም አለው። አሜሪካኖች 316 ኤል የሚሉትን ጀርመኖች 1.4404 ይሉታል። የሶቪየቶቹ ስም በውስጡ ያለውን ይዘረዝራል፤ ዜሮ ሦስት፣ ኻ አሥራ ሰባት፣ ኤን አሥራ አራት፣ ኤም ሦስት። ዜሮ ሦስቱ የካርቦኑ መጠን ነው፣ ኻ ክሮም፣ ኤን ኒኬል፣ ኤም ሞሊብዲነም። ሞሊብዲነም የሌለውን ጨዋማ ነገር ቀስ በቀስ ይቦረቡረዋል። መፈክር ባንገፈገፈኝ በዚያ ዘመን፣ ኤም ከተጻፈ ኤም አለ ማለት የሆነበት ይህ ሥራ ያጽናናኝ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ጭኑን ተመቶ ተመለሰ። ግንባር ላይ በድንኳን ውስጥ አጥንቱን በተገኘው ብረትና በተገኘው ብሎን አስረውለታል። ወራት አለፉ፣ ቁስሉ ግን አልደርቅ አለ። ልደታ ሰፈር፣ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ ሆስፒታል ተኝቶ፣ እኔ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ እጠይቀው ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙ ከጭኑ ያወጣውን ብረት በሳህን አድርጎ አሳየኝ። በብሎኖቹ ዙሪያ ጠቁሯል።

«እርስዎ የብረት ሰው ነዎት አሉ። ይህ ምንድን ነው?»

«ሁለት ዓይነት ብረት ነው፣ ዶክተር። ጨዋማ ነገር ውስጥ ሲነካኩ አንዱ ሌላውን ይበላዋል» አልኩት። ይህ ሁሉ ሲሆን የከረመው ወንድሜ ሥጋ ውስጥ ነው።

ሐኪሙ ከየአገሩ በእርዳታ የመጣ ብረትና ብሎን የተቀላቀለበት ካርቶን አመጣልኝ። «እኔ መጠኑን አውቃለሁ እንጂ የብረቱን ዓይነት አላውቅም። የሚስማሙትን ይለዩልኝ። አሁንም ከተበላሸ እግሩን መቁረጥ ግድ ነው።»

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ ለየሁ። ጽሑፍ የሌለውን፣ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ወደ ጎን ጣልኩት። በመጨረሻ ኤም ሦስት የተጻፈበት የሶቪየት ብረትና 316 ኤል የሚል የአሜሪካ ብሎን እጄ ላይ ቀረ። ዋሽንግተንና ሞስኮ በዓለም ላይ ያልተስማሙትን ወንድሜ ጭን ውስጥ ሊስማሙ ነው።

ወንድሜ ከአልጋው ቀና ብሎ «ጋሼ፣ እኔንስ በየትኛው አገር ቁጥር መደብከኝ?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ተኛ!» አልኩት፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

እግሩ ዳነ። ክራንቹን ጥሎ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ በእግሩ ሄዶ መጣ። እናታችን የተሳለችውን ጃንጥላ ለደብሩ አስገባች፤ ለጎረቤቱ ሁሉ «ያ ብረት እኮ አይዝግም፣ ልጄ ነው የመረጠው» እያለች አወራች። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ቀጥሎ የሕክምና ቦርድ ተጠራ። አስሮጡት፣ ቁጭ ብድግ አስባሉት፣ ለግዳጅ ብቁ ነው አሉ። ማታ ቤት መጥቶ «ላነክስ ሞክሬ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ» ብሎ ሳቀ። ማናችንም አልሳቅንም። ሆስፒታል አጠገቡ ተኝቶ የነበረው የሰፈራችን ልጅ እግሩ ተቆርጦ ስለነበር ቤቱ ቀረ። በየማለዳው በክራንች መንገዳችንን ሲያቋርጥ አየዋለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ለዚያ ለተቆረጠ እግር ቀናሁ።

ወንድሜ በሄደ በዓመቱ፣ ገና ሳይነጋጋ ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፣ ወደቀበት የተባለው አገር ስም ብቻ አለ። ለቀስተኛው ተበትኖ ሁለታችን ስንቀር እናቴ ጠራችኝ።

«ያ ብረት አይዝግም ብለኸኛል አይደል?»

«አይዝግም፣ እማዬ።»

«አፈር ውስጥም?»

«አፈር ውስጥም ብዙ ዘመን ይቆያል።»

«በላዩ የተጻፈውን ንገረኝ።»

የሩሲያውን ነገርኳት። አልበቃትም። «አሜሪካኖቹስ ምን ይሉታል? ጀርመኖቹስ? የሚያገኘው ሰው የየት አገር ሰው እንደሚሆን በምን አውቃለሁ? ሲጠይቀኝ የልጄ ነው ብዬ እንድመልስ ሁሉንም አስጠናኝ።»

አስጠናኋት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ጸሎቷን ስትጨርስ፣ ነጠላዋን ሳታወርድ፣ ዜሮ ሦስት፣ ኻ አሥራ ሰባት ብላ ትጀምርና የሦስቱንም አገር ትዘልቀዋለች። አንድ ቀንም ተሳስታ አታውቅም። ቁጥሩ የብረቱ እንጂ የወንድሜ እንዳልሆነ፣ በየአገሩ በየሰው አጥንት ላይ ይኸው ቁጥር እንዳለ፣ እስክትሞት አልነገርኳትም።