የዋንዛው በር

ጎረቤቴ ይመር በጦርነቱ ጊዜ የቤቴን በር ነቅሎ ወሰደብኝ። ሟቹ አባቴ ከዋንዛ ያበጀው በር ነበር።

ይህን ያነሳብኝ ስደት የጣለኝ የግሪክ ከተማ፣ ተሰሎንቄ ነው። ትናንት ሥራ ሳጣ ኮረብታው ላይ፣ ከአሮጌው ቅጥር ሥር ወደተጠጋው ሰፈር ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስቀመጥ አንድ አናጢ ደጅ ላይ በር ይልግ ነበር። የፍቅፋቂው ሽታ ወደ ትውልድ ከተማዬ፣ ወደ መርሳ መለሰኝ።

ያኔ ጢም አላወጣሁም። ከሽሽት ስመለስ ቤቴ ወና ነው፤ የመጣ የሄደው ዘርፎታል። በሩን የነቀለው ይመር ነው ሲሉኝ ሌላ አልጠየቅሁም፤ አገር ወደሚያስታርቁት አባጋር፣ ወደ ሼህ ሰይድ ሄድኩ።

«በሬን ያስመልሱልኝ! ለአንድ ቤት ሁለት በር ምን ያደርግለታል?»

«ልጄ፣ የይመርን ልጅ ጥይት መታው። የሚሸከምበት ቢያጣ በበርህ ተሸከመው። አፈር እንዳይነካውም መቃብሩ ውስጥ ሳንቃውን ከደነበት። አስቆፍራለሁ ካልክ ዶማውን እኔ አመጣልሃለሁ።»

ተጠርቶ የመጣው ይመር መሬት መሬት እያየ «አፉ በለኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ።

«አፉ ብያለሁ።»

ከአንገት በላይ ነው ያልኩት። ዛሬ ቂሙም ሰልችቶኛል፤ በሩ ግን ይቆጨኛል።

በሰው ፊት ግን ጉዳዩ ያኔ፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት አልቋል።