ዘጠና አራት ላይ የቆመው መስመር

ቁጥሩ ዘጠና አራት ነው። ጠዋትም ዘጠና አራት፣ ከምሳ በኋላም ዘጠና አራት። ኮምፒውተሩን አጥፍታ ብታበራው፣ ኬብሉን ነቅላ ብትሰካው፣ ብትለማመጠው፣ ብትሳደብ፣ ያው ዘጠና አራት። ከሦስት ሳምንት በፊት ቤታቸው የገባው አዲሱ የኢንተርኔት መስመር ግን ሦስት መቶ ነበር የተባለለት። ቁጥር እንዲህ እልኸኛ ሲሆን አይታ አታውቅም።

ፍጥነት የምትለካው ሥራ ፈትታ አይደለም። ቪዲዮ አቀናባሪ ናት፤ ቢሮዋ የሚልክላትን ግዙፍ ፋይል ቤቷ ሆና አስተካክላ ትመልሳለች። አንዱ ፋይል ወርዶ እስኪያልቅ ግን ግማሽ ቀን ይነጉዳል። አለቃዋ ታግሣ ታግሣ በመጨረሻ ቁርጡን ነገረቻት።

"የኔ እህት፣ እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ቢሮ እየመጣሽ መሥራት ነው።"

ቢሮ መሄድ ማለት አባቷን ብቻውን ጥሎ መውጣት ማለት ነው። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የስልክ መስመር ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ዳሌው አልታዘዝ ብሎት ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋው አይወርድም። ወንድም አላት፣ እሱ ግን ሌላ ከተማ ነው፤ በምክር አይታማም። የባሰው ደግሞ ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበር፤ አለቃዋ "ቢሮ" ስትል በድንጋጤዋ መሃል ደስ ብሏታል። ከዚህ ቤት በግድ መውጣት! ወዲያው በራሷ አፈረች።

ከጠረጴዛዋ በላይ ግድግዳው ላይ ደወል አለ። አባቷ በምርኩዝ መራመድ ሳያቅተው በፊት፣ ነገ የሚመጣውን አውቆ፣ ከአልጋው እስከ እሷ ክፍል በገዛ እጁ የዘረጋው ነው። የኢንተርኔቱንም ኬብል ያን ሰሞን አብሮ ዘረጋ፤ ሳሎን ካለው ሳጥን ተነስቶ፣ በአልጋው ራስጌ አልፎ፣ እሷ ክፍል ይገባል። ደወሉ በቀን አርባ ጊዜ ይጮኻል። ትራስ ተንሸራተተ፣ ድርር። መስኮት ይዘጋ፣ ድርር። አንዳንዴ ሥራዋን ጥላ ሮጣ "አቤት አባዬ?" ስትለው "ስንት ሰዓት ሆነ?" ይላታል። ሰዓቱ ፊት ለፊቱ ተሰቅሏል።

ሐሙስ ዕለት የኔትወርክ ባለሙያ መጣላት። ሳሎን ለካና ራሱን ነቀነቀ።

"እዚህ ድረስ ሦስት መቶው ንጹሕ ነው። በዋይፋይ እንዳትጠቀሚ ይሄ ግድግዳ አያሳልፍም። ችግሩ ኬብሉ ውስጥ ነው፤ ልየው።"

ወደ አባትየው ክፍል ገና እግሩን ከማስገባቱ ሽማግሌው ከትራሱ ቀና አለ።

"አርባ ዓመት መስመር ዘርግቻለሁ! እኔ በዘረጋሁት ላይ ማንም እጁን አያስገባም!"

ባለሙያው ከሽማግሌ ጋር እሰጥ አገባ ምን በወጣኝ ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ። እሷ ግን ጉንጯ እስኪቀላ አፈረችም ተናደደችም። አርብና ቅዳሜ የኬብሉን ጫፍ ቀየረች፣ የኮምፒውተሩን ቅንብር አንድ በአንድ ነካካች። አባቷ በየመሃሉ "ስንት አለ?" ይላታል። "ዘጠና አራት" ስትለው ዓይኑን ይሰብራል። ያዘነላት መስሏት ነበር።

እሁድ ከሰዓት ግን ትዕግሥቷ አለቀ። መፍቻዋን ይዛ ገባችና አልጋውን ከነአባቷ ከግድግዳው ሳበችው።

"ተዪው ብዬሻለሁ!"

አልተወችም። ከራስጌው ኋላ ኬብሉ የሚያልፍባትን ትንሽ ሳጥን ፈታች። የመስመር ዘርጊ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ባትሪ እያበራችለት ነው ያደገችው፣ ሽቦ ማንበብ ታውቅበታለች። ኬብሉ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ብርቱካናማዎቹና አረንጓዴዎቹ ወደ ክፍሏ አልፈዋል። ሰማያዊዎቹና ቡናማዎቹ ግን ከሳሎኑ ኬብል ተቆርጠው፣ ከአልጋው መደወያ ጋር በጥንቃቄ ታስረዋል። ስምንቱ ካልሠሩ ደግሞ ፍጥነቱ ከመቶ አያልፍም። ደወሉ የኢንተርኔቷን ሽቦ እኩሌታ ወስዶባት ኖሯል።

"ታውቅ ነበር?"

"ሥራዬ ምን ነበርና?" አለ አባቷ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትንከራተት በሆዱ ይዞ ዝም! ልትጮኽበት አፏን ከፈተች። ከጀርባው የፒጃማው አንገትጌ ተገልብጦ አየችና እጇን ዘርግታ አስተካከለችለት።

"ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣" አለ፣ ሳይዞር። "ቡናማውን ከቡናማ። ከክፍልሽም ደወሉን ፈትተሽ እንደዚሁ አድርጊ። አጥብቂው፣ የላላ መስመር ያዋርዳል።"

እንዳላት አደረገች። ሁለት መቶ ዘጠና አንድ! ኮምፒውተሩ ፊት ብቻዋን አጨበጨበች። ከራሷ በላይ ደወሉ ድምፅ አልባ ሆኖ ተሰቅሏል፤ እሱንም አይታ ደስ አላት፣ ደስ ስላላትም አፍራ ዓይኗን ከሱ መለሰች።

ሰኞ ማለዳ ለአባቷ ያለ ሽቦ የሚሠራ ደወል ገዝታ፣ መደወያውን እጁ ሥር አሰረችለት። አብረው ሞከሩት፤ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ድምፅ አለው። ሥራዋም ተቃና። ፋይሉ ሻይዋ ሳይበርድ ይወርዳል፣ አለቃዋም "ቢሮ" የምትለውን ቃል ተወች።

ማክሰኞ ደወሉ አልጮኸም። ረቡዕም አልጮኸም። ድሮ ዝም ሲል ደህና ነው ማለት ነበር፤ አሁን ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ በምን ትወቀው? በየአሥር ደቂቃው እየተነሳች በበሩ አጮልቃ ታያለች። አርባ ጊዜ ስትጠራ ከሄደችው ይልቅ ሳትጠራ የምትሄደው በለጠ።

ሐሙስ ከሰዓት አጮልቃ ስታይ ትራሱ መሬት ወድቋል። አባቷ አንገቱ ተጣሞ ጣሪያውን ያያል። መደወያው ጣቱ ሥር ነው።

"ኧረ አባዬ! ለምን አትደውልም?"

"መስመር እንዳላጨናንቅብሽ ብዬ።"

"ይሄኛው ከመስመሩ ጋር አይገናኝም አላልኩህም?"

"አውቃለሁ" አለ።

ትራሱን አንስታ አራገፈችና ከአንገቱ ሥር አስገባችለት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል" አለችው፣ ሳይጠይቃት።