የበሩ ኩባያ

ወተቱ ጭስ ጭስ ይሸታል። እዚህ ሐርጌሳ የግመል ወተት የሚያስቀምጡበትን ዕቃ በእንጨት ጭስ ያጥኑታል፤ ሻሂ ውስጥ ገብቶ እንኳ ሽታው አይለቅም። ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ የአከራዬ ልጅ ኩባያውን ስታቀብለኝ በሁለት እጄ እቀበላለሁ። ጠጥቼ እስክጨርስም ሁለቱንም እጆቼን ከኩባያው ላይ አላነሳም።

«ኤዶ፣ አያያዝሽ ደስ ይለኛል» ትለኛለች። ኤዶ እኛ አክስቴ እንደምንለው ነው። የአገሬ አክብሮት ይመስላታል። እኔም ይምሰላት ብዬ እተወዋለሁ። አንቺ ይህን የምታነቢ ግን ሩቅ ስለሆንሽ ልንገርሽ።

ጋአን ሊባህ ከሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ቆይቷል። ባለቤቴ ከበርበራ ወደብ ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መንገዱ እኛን እዚህ አመጣን፣ እሱ አረፈ፣ እኔ ቀረሁ። መጋረጃና የትራስ ልብስ እሰፋለሁ። የአከራዬ ልጅ ከቢሮዋ ስትመለስ ትጠራኝና ሳሎናቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን በሶማልኛ የተተረጎመ ተከታታይ ድራማ እናያለን። የየት አገር ድራማ እንደሆነ ልብ ብዬ አላውቅም። ሰዎቹ ትልልቅ ቤት አላቸው፤ ብዙ ያለቅሳሉ።

ከነዚያ ሰዎች መካከል እናቷ ሞታባት አባቷ በግንብ አጥር ውስጥ ያሳደጋት አንዲት ልጅ አለች። ገር ናት። ለቤት ሠራተኞቹ ልብሷን ትሰጣለች፣ ሲከፋቸው አብራ ታለቅሳለች። ባለፈው ሳምንት ሠራተኛዋ ታማ ልትጠይቃት ቤቷ ድረስ ሄደች። ወንበር አቀረቡላት። ልጅቷም እየሳቀች፣ እያወራች፣ የአንገት ልብሷን ፈታ ወንበሩ ላይ አነጠፈችና ተቀመጠች።

የአከራዬ ልጅ ትራሱን በቡጢ መታችው።

«አየሻት ኤዶ? ደግ መስላኝ ነበር እኮ። ለካ ውስጧ ክፉ ነው።»

«ክፉ አይደለችም» አልኩ።

«ታዲያ ምንድን ናት?»

«አላየችም።»

«ምኑን?»

«የገዛ እጇን።»

ዞር ብላ አየችኝ። ሻሂዬ ላይ ስልባቦት ይዞ ነበር፤ የጭሱ ሽታ ከስሩ ይመጣል።

ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበር። ግቢያችን አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ነበረው፤ አጥሩን የወረቀት አበባ ሸፍኖታል። ትምህርት ቤት በጋሪ እሄዳለሁ፣ በጋሪ እመለሳለሁ፤ በሩም ይቀረቀራል። ከተማውን የማውቀው በድምፁ ነበር፤ በባቡሩ ፊሽካ፣ በፈረሶቹ ኮቴ፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል ሩቅ በሚሰማው የቀጥቃጭ መዶሻ። በበሩ ስንጥቅ ቀጭን ብርሃን ይገባና ቀኑን ሙሉ መሬቱ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። እሱን እያየሁ ሰዓት እቆጥር ነበር።

እናቴ ስለ ሰው ክፉ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። አባቴም ከአጥራችን ውጭ ስላሉት ሰዎች ወሬ ሲነሳ «ደህና ሰዎች ናቸው፤ ከበር ወዲያ» ይል ነበር። እኔ የሰማሁት «ደህና ሰዎች ናቸው» የሚለውን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጧት ጧት አንዲት ሶማሌ ወተት ሻጭ ከልጇ ጋር ትመጣለች። በሩ አጠገብ፣ ምስማር ላይ፣ ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ ተሰቅሏል። ቤት ውስጥ የበሩ ኩባያ ነበር የሚባለው። ወተት ሻጯ ውሃ ስትጠይቅ በእሱ ይሰጣታል። ከእኛ ማንም አይጠጣበትም፣ ከሌላው ዕቃ ጋርም አይታጠብም። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ፀሐይ ለምን በምሥራቅ በኩል ትወጣለች ብዬም አልጠየቅኩም።

ልጅቷ እኩያዬ ነበረች፤ አሥራ አንድ ቢሆነን ነው። እናቷ ወተቱን እስክትሰፍር እኛ ቅልብልቦሽ እንጫወታለን። እሷ ከደፉ ውጭ፣ እኔ ከደፉ ውስጥ ሆነን። ጠጠሮቹን ከደረቁ ወንዝ መርጣ የምታመጣው እሷ ናት፤ ሁሌ ትንሽ ሙቀት ነበራቸው። ኮው፣ ለባ፣ ሰደህ እያለች በሶማልኛ ስትቆጥር እኔም እከተላታለሁ። ዛሬም የዚህ አገር ነጋዴዎች ስቆጥር ሰምተው ይህን ከየት ተማርሽው ይሉኛል።

ታሾፍብኝ ነበር። «አንቺ እኮ እንደ ዶሮ ነሽ፤ ዶሮ ግን ቀን ቀን ይለቋታል» ትለኝ ነበር። ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ለቅሶ ሄደች፤ ሠራተኛችንም ወፍጮ ቤት ስትወጣ በሩን ሳትቀረቅር ሄደች። የዚያን ቀን ወተቱን ያመጣችው ልጅቷ ብቻዋን ነበር። «ነይ፣ ቤታችንን ላሳይሽ» አለችኝ። ሄድኩ።

ደረቁን ወንዝ ስንሻገር የአሸዋው ሙቀት በጫማዬ አልፎ ይሰማኝ ነበር። ብርሃኑ ነጭ ነበር፤ ሩቅ ያሉት ፍየሎች ውሃ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ቤታቸው ከጎበጠ እንጨትና ከሰሌን የተሠራ ክብ ጎጆ ነው። ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። በሰሌኑ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን መሬቱ ላይ ነጠብጣብ ሠርቶ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር ትከሻው ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። የወተት ዕቃዎቹ ተደርድረው ያ የጭስ ሽታ ሁሉንም ሞልቶታል።

እናቲቱ ስታየኝ ደነገጠች፤ ቀጥሎ ፊቷ በራ። ማሻ አላህ፣ ማሻ አላህ እያለች አዲስ ምንጣፍ አነጠፈችልኝ። ከግድግዳው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ፈታችው። የተቀረጸ የእንጨት ኩባያ ነበር። ልጅቷ በጆሮዬ «እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው የሚወጣው» አለችኝ። እናቲቱ ወተት ሞላችበትና በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

ተቀበልኩ። ከዚያ አውራ ጣቴ የቀሚሴን ጫፍ ይዞ የኩባያውን ከንፈር ጠረገ። አንድ ጊዜ፣ ዞር አድርጌ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ። እናቴ ሰው ቤት ውሃ ሲሰጧት እንደምታደርገው። እያወራሁ ነበር፤ ምናልባትም እየሳቅኩ። ማድረጌን ያወቅኩት ጎጆው ጸጥ ሲል ነው።

እናቲቱ ፈገግ እንዳለች ዓይኗን ወደ ምድጃው መለሰች። ልጅቷ የቀሚሴን ጫፍ ታይ ነበር። እኔም አየሁት። ምንም አልነበረበትም። ኩባያው ንጹሕ ነበር።

ወተቱን ጠጣሁ። ስመለስ ልጅቷ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘችኝ፤ ከፊት ከፊቴ እየሄደች።

በማግስቱ ጠጠሮቹን ደፉ ላይ ደርድሬ ጠበቅኳት። መጣች፤ ግን አልተቀመጠችም። እናቷ ወተት እስክትሰፍር ከአጥሩ ጥላ ሥር ቆማ መንገዱን ታይ ነበር። ሦስት ጧት እንደዚያ ሆነ። በቤታችን ይቅርታ የሚባለው ዕቃ ለተሰበረ ነው፤ እኔ ደግሞ ምንም አልሰበርኩም።

በአራተኛው ጧት ሰማያዊውን ኩባያ ከምስማሩ አወረድኩ። ውሃ ቀድቼበት፣ ከንፈሩን ሳልጠርግ፣ ፊቷ ቆሜ እስከ መጨረሻው ጠጣሁ። የዝገት ጣዕም ነበረው።

«ይኸው፣ በእናንተ ኩባያ ጠጣሁ» አልኳት።

ኩባያውን አየችው። አልተቆጣችም። ጨዋታ ላይ ስሳሳት እንደምታርመኝ ነበር ድምፅዋ።

«የእኛ አይደለም» አለች። «የእናንተ ነው። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ኩባያ የለም።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ከጠጠሮቹ አንዱን አነሳች፣ እፍ ብላ አቧራውን አራግፋ መልሳ አስቀመጠችው። ነገ ትቀመጥ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ዛሬም እንደዚያ አስባለሁ።

እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ አይታኝ ነበር። አልተቆጣችኝም። አፌን በጨው ውሃ አስጉመጠመጠችኝ፣ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። በማግስቱ ወተት ያመጣው ሌላ ሰው ነበር፤ አባቴ ከጣቢያው የላከው ሽማግሌ። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። በሕይወቴ የጠየቅኩት የመጀመሪያው ለምን እሱ ሳይሆን አይቀርም።

«ደህና ሰዎች ናቸው» አለችኝ። «አንቺ ግን ለመድሻቸው።»

ወተት ሻጯ ሁለት ጧት መጥታ በሩን መታች። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። በስንጥቁ የልጅቷን እግር አየሁ፤ አቧራ የለበሰ፣ በአንደኛው ጣቷ መሬቱን እየቧጠጠች። የጭሱ ሽታም በስንጥቁ ይገባ ነበር። መቀርቀሪያው በደረቴ ከፍታ ላይ ነው። እጄን ዘርግቼ ልስበው እችል ነበር፤ ማንም አልያዘኝም። ትንሽ ቆይቶ ኮቴያቸው ራቀ። ብርሃኑ መሬቱ ላይ መሄዱን ቀጠለ። በሦስተኛው ጧት አልመጡም።

እዚህ ወተት ተራ ስወጣ አሮጊቶቹ ሻጮች ፊት እቆማለሁ። እኩዮቼ ናቸው። አንድ ሊትር እገዛለሁ፣ ገንዘቡን ጮክ ብዬ በሶማልኛ እቆጥራለሁ። እስካሁን ቀና ብላ ያየችኝ የለችም።

ትናንት ድራማው ሲያልቅ የአከራዬ ልጅ ቴሌቪዥኑን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። ከውጭ የውሃ ቦቴው ጥሩንባ ይሰማ ነበር።

«ኤዶ፣ ያቺ ልጅ መጨረሻ ላይ እጇን ታይ ይሆን?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኳት።

ሻሂውን ቀድታ አቀበለችኝ። ስቀበላት አውራ ጣቴ ወደ ኩባያው ከንፈር ተነቃነቀ። ዛሬም ይነቃነቃል። ሌላኛውን እጄን ደረብኩበትና አጥብቄ ያዝኩት።

«አቃጠለሽ እንዴ?»

«አይ፣ ደህና ነው» አልኳትና ጠጣሁ።