ነጭ ቮልስ፣ ታርጋ ሁለት መቶ አርባ ስድስት

ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ እናቴ የአባቴን የፕላስቲክ መኪና ሃያ ሦስት ክፍሎች ከግቢው ቆሻሻ ጋር አቃጠለች።

ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል ነው። በዚያ ቀን በደብረ ማርቆስ በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ጭሱ በሽታ ያባርራል ይባላል። እኔ ከቆርቆሮው በር አጠገብ ቆሜ ከጎረቤት ጋር ሰላም እየተባባልኩ ነበር። የሚነድ ፕላስቲክ ሲሸተኝ ዞር አልኩ። ክፍሎቹን ያስቀመጥኩበት የጫማ ካርቶን እሳቱ መሐል ነበር። በእንጨት ጎትቼ ሳወጣው ውስጡ የነበረው ሁሉ ተጣብቆ አንድ ጥቁር እብጠት ሆኗል።

መኪናዋ ከመዳፍ ጥቂት የምትበልጥ፣ ክፍል በክፍል የምትገጣጠም ነጭ ቮልስ ናት። አባቴ በወጣትነቱ የአንድ ፈረንጅ ሐኪም ሾፌር ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ እውነተኛዋን ነጭ ቮልስ ይዞ ሐኪሙን ከሉማሜ እስከ ጉንደ ወይን ሲያመላልሰው ኖሯል። በክረምት ጭቃ ሲይዛቸው ሐኪሙ ሱሪውን ሰብስቦ ይገፋ እንደነበር ሁልጊዜ ይነግረናል። ሐኪሙ ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠው ስጦታ ይህችው ያልተገጣጠመች ቮልስ ነበረች፤ ክዳኑ ላይ የመኪናዋ ሥዕል ባለበት ካርቶን ውስጥ፣ ክፍሎቿ ከፕላስቲክ ዘንግ ጋር እንደተያያዙ። አባቴ ክፍሎቹን በምላጭ እየቆረጠ፣ ጫማ ሰፊዎች በሚጠቀሙበት ማስቲሽ ገጣጠማት። ከኋላ የራሱን መኪና ታርጋ በወረቀት ጽፎ ለጠፈባት። ሁለት መቶ አርባ ስድስት። ሉማሜ ሻይ ቤቶች ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ገና ከመንገድ ሲታጠፍ አስተናጋጆቹ «ሁለት መቶ አርባ ስድስት መጣ!» ይሉ ነበር ይላል። ቁጥሩን በፎቶግራፍም አረጋግጫለሁ። አባቴና ሐኪሙ ከመኪናዋ ኋላ ቆመው የተነሡት ነው።

ቮልሷ ብፌው ላይ ስትኖር ቀለሟ ወደ ቢጫ ተለወጠ፣ ማስቲሹ ደርቆ ተሰነጠቀ፣ አንዱ በር ወደቀ። ማንም ልብ አላላትም ነበር። ባለፈው መስከረም አንድ የዓይን ሐኪም አባቴን መርምሮ ግራ ዓይኑ እንደጠፋ፣ ቀኙም በቀጭን ቧንቧ አጮልቆ የማየት ያህል እንደቀረው ነገረን። ያዘዘለት ጠብታ ያለውን ለማቆየት እንጂ የሄደውን ለመመለስ እንዳልሆነም ተናገረ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ጠየቅሁት።

«ይህን ለማንም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም» አለኝ።

 የዚያኑ ዕለት ማታ እራት ቀርቦ ሳለ አባቴ እጁን ወደ ብፌው ዘረጋ።

«ያችን መኪና እንደ ነበረች አድርገሽ አሳዪኝ» አለኝ። «ዓይኔ ሳይዘጋ። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።»

ሥራዬ ዜና መጻፍ ነው። የዚህ ዓይነት ሥራ እጄ አያውቅም። ቢሆንም ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ጀመርኩ። በቅጡ የማያየው አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ያዝዘኛል።

«ቀለሙን በፍሬን ዘይት አስለቅቂው። ቲነር እንዳታስነኪው፣ ይበላዋል።»

«እሺ አባዬ።»

«ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ አጠጪው እንጂ! በደረቁ ስታሻሺው ይሰማኛል እኮ።»

እናቴ ከጓዳ ሆና «አሁን ገና ሾፌርነቱ መጣበት» ትላለች።

መኪናዋን ሙሉ በሙሉ አፈረስኳት። እያንዳንዱን ክፍል በማስታወሻ ደብተሬ መዘገብኩ። የተፋቀውን አካል መስኮት ላይ አሰጣሁት። ትናንሾቹን ክፍሎች መጀመሪያ በሐኪሙ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። በዚያ ካርቶን ውስጥ አባቴ ከዘመናት በፊት ክፍሎቹን ቆርጦ የተዋቸው ባዶ ዘንጎችም ነበሩ። እንዳይደባለቁብኝ ብዬ ኅዳር ዐሥራ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሎቹን ወደ ጫማ ካርቶን አዛወርኳቸው። በማግስቱ ጠዋት እናቴ መጥረጊያ ይዛ መጣችና የሚቃጠል ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። አሮጌውን ካርቶን እንዳትነካ፣ ሌላው ቆሻሻ እንደሆነ ነገርኳት። ማዛወሬን ረስቼ ነበር። እናቴ የተባለችውን በትክክል ፈጸመች።

ጥቁሩን እብጠት በአካፋ ይዤ ስገባ ደነገጠች።

«ውይ! ምንድን ነው እሱ? ቆሻሻ ነው አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እሱ እንዳይሰማ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አባቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሰምቷል። «ምኑ ነው የማልሰማው?»

የሆነውን ነገርኩት። የተቃጠሉትን ከደብተሬ እያነበብኩ ዘረዘርኩለት፤ ፓራውልቶቹን፣ የቸርኬ ክዳኖቹን፣ መሪውን፣ ስፖኪዮዎቹን፣ ታርጋውን። እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«አንቺ ሴትዮ» አላት እናቴን። «በእኔ መኪና ነዋ ዘንድሮ የሰፈሩን በሽታ ያባረርሽው!»

እናቴ ለመሳቅ ሞከረችና ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። እስከ ቀትር አልተነሣም።

በቀጣዩ ቀን እንደገና ጀመርን። ከአሮጌው ካርቶን የተረፉትን ዘንጎች ቆራርጬ በትንሽ ጠርሙስ ቲነር ውስጥ አሟሟኋቸው። አባቴ ያስተማረኝ ነው። እንደ ወፍራም ሙጫ ሲሆን የተሰነጠቀውን ሁሉ ደፈንኩበት፤ ፕላስቲኩ የራሷ ስለሆነ ተዋሐዳት። ፓራውልቶቹን ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ አጠፍኩ። ለቸርኬዎቹ የመርፌ መድኃኒት ጠርሙስ ክዳን፣ ለስፖኪዮዎቹ የመስታወት ስባሪ ተስማማ። መሪው የመብራት ገመድ ሽቦ ነው። ቀለሙን ላሜራ ቤት ወስጄ አስረጨሁ። ቀቢው የደንበኛ ሚኒባስ ገትሮ፣ ቮልሷን በክር አንጠልጥሎ ሦስት ጊዜ ነፋባት። «እንዲህ ያለች ታዛዥ ደንበኛ ገጥማኝ አታውቅም» አለ።

በእነዚያ ቀናት አባቴ በየጠዋቱ የሚያየውን እመዘግብ ነበር። ኅዳር ሃያ፣ በረንዳው ላይ ሆኖ የአጥሩን ባሕር ዛፎች ቆጠረ፤ አራት ናቸው፣ አራት አለ። ኅዳር ሃያ ስምንት፣ ሁለት አለ። ታኅሣሥ አምስት፣ የእናቴ ነጠላ ጥለት አረንጓዴ መሆኑን ለየ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እኔ በሰዓቱ ቤት አልነበርኩም።

የቀረው ታርጋው ብቻ ነበር። ከጥፍር በምታንስ ቦታ ላይ ሦስት አሃዝ የሚጽፍ እጅ የለኝም። አባቴ አምበር አካባቢ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ የኔታ አስታወሰኝ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በብራና ላይ መጻሕፍት ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። ታኅሣሥ ዐሥራ ስምንት ቀን ጠዋት በሚኒባስ ሄድኩ።

የኔታ መቃ ብዕር እየቀረጹ አገኘኋቸው። የምፈልገውን አስረዳኋቸው።

«የማን ቁጥር ነው?»

«የመኪና ነው፣ የኔታ።»

«መኪናም ክርስትና ይነሣል እንዴ?» አሉና ሣቁ። ቢሆንም የብራና ቁራጭ አነሡ። «በይ ተናገሪ።»

«ሁለት መቶ አርባ ስድስት።»

ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጻፉ። እንዲህ ያለ የጠራ ጽሕፈት አይቼ አላውቅም። ፪፻፵፮ ይላል።

«የኔታ… ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የታርጋ ቁጥር በፈረንጅ ቁጥር ነው የሚጻፈው።»

ብራናውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡና ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ሁለት መቶ አርባ ስድስት አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲህ የጻፍኩት ይህንኑ ነው። የፈረንጅ መሆኑን ያልነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

እውነታቸውን ነው። ፍቀው እዚያው ላይ እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የተፋቀ ብራና ቀለም ይጠጣል፣ ይዝረከረካል። ሌላ ቆርጬ እጽፍልሻለሁ። ነገ ገብርኤል ነው፣ ሥራ አልይዝም። ከነገ ወዲያ ነይ።»

«አባቴ ዓይኑ እየደከመ ነው፣ የኔታ።»

«እግዚአብሔር ይማረው» አሉ። «ሁለት ቀን ነው፣ ልጄ። ከነገ ወዲያ።»

ባዶ እጄን ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ገባሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። እርምጃዬን አውቆ ቀና አለ።

«መጣሽ? አለቀች?»

«ከሞላ ጎደል አልቃለች አባዬ፣ ግን…»

«አምጪያት። ፀሐይዋ ሳትሄድ።»

ከብፌው አንሥቼ አመጣሁና እጁ ላይ አኖርኳት። በአውራ ጣቱ ጣሪያዋን ዳሰሰ፣ ኮፈኗን፣ በሮቿን። ጎማዎቿን አንድ በአንድ አሽከረከረ። ከዚያ ወደ ቀኝ ዓይኑ አስጠጋት፤ ቅንድቡን ልትነካ ምንም አልቀራት። ረዘም ላለ ጊዜ እንደዚያው ያዛት። እናቴ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እህስ?» አለችው።

«ነጭ ናት» አለ። «እሷው ናት። ፓራውልቷ የጃንጥላ ሽቦ ነው ቢሉኝ ማን ያምናል?»

«ስፖኪዮዋስ?»

«አለ። ሁለቱም።»

እናቴ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። አባቴ መኪናዋን አዞረና ኋላዋን ወደ ዓይኑ አቀረበ።

«ታርጋዋንም ጽፈውላታል» አለ። «የኔታ እጃቸው ዛሬም አልደከመም። ሁለት መቶ አርባ ስድስት።»

«ጥርት ብሎ ይታይሃል?» አለች እናቴ።

«ጥርት ብሎ።»

አሥር ሰዓት ከአምስት ነበር። የመኪናዋ ኋላ ባዶ ነው፤ ታርጋው ገና አምበር፣ የኔታ ቤት ነው።